«ባያድነንም» የሚል መጽሐፍ ለልጆቻችን፦ ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አዲስ አበባ
ጥር 2017 ዓ.ም.

ለደብራችን አስተዳዳሪ፣ ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት እና ለጉባኤው አባላት በሙሉ

ጉዳዩ፦ ለታዳጊዎች የሚሰጡ መንፈሳዊ መጻሕፍት አመራረጥና የቤተ መጻሕፍቱ መዘጋት

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

መንፈሳዊ ሰላምታችንን እያቀረብን በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የንባብና ቤተ መጻሕፍት ክፍል ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለማውጣት የተገደድነው በኅዳር ወር በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባነው አቤቱታ «ታይቷል» ከሚል ቃልና ከአንድ ፊርማ በቀር መልስ ስላላገኘ ነው። ጉዳዩም የንባብ ክፍላችን ብቻ አይደለም። ልጆቻቸውን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አደራ የሰጡ ወላጆች፣ ልጆቻቸው ምን እንዲያነቡ እየተደረገ እንደ ሆነ የማወቅ መብት አላቸው።

ነገሩን ላልሰሙት እንግለጽ። ሰበካ ጉባኤው በኅዳር ባደረገው ስብሰባ የታዳጊዎች መጻሕፍት ግዢ ከእኛ ክፍል ተነሥቶ በንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ሱቁ በኩል እንዲፈጸም ወሰነ። ወዲያው «ልጆቹን ለክፉ ዘመን ያዘጋጃሉ» የተባሉ ሁለት መጻሕፍት መቶ መቶ ቅጂ ተገዝተው ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ልጆች ይታደሉ ጀመር። ከመደርደሪያችን ላይ የነበሩ በርካታ መጻሕፍት ደግሞ «ለታዳጊ ከባድ ናቸው» ተብለው በካርቶን ታሸጉ። ክፍሉም «ለጊዜው» በሚል ቃል የጃንጥላ፣ የምንጣፍና የጧፍ ማስቀመጫ ሆነ።

ዓላማውን አንቃወምም። ልጆቻችን ለክፉ ቀን መዘጋጀት አለባቸው ከተባለ ከእኛ በላይ የሚስማማ የለም፤ ክፉው ቀን ደጃቸው ከደረሰ ሰንብቷልና። ከመካከላቸው በሰሜኑ ጦርነት አባቱን ያጣ አለ። እናቷ አረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች የምታሳድጋት፣ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እናቷን በስልክ ብቻ የምታውቅ አለች። ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳርቻ ተነሥቶ፣ ዛሬ ለመዝሙር ጥናት ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣ አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስት ያህሉ በአንድ ቀን «አላለፍክም» በሚባልበት አገር ለታዳጊ የምንሰጠው የእምነት መጽሐፍ ምን ሊለው ይገባል? ከእናንተ ጋር ያለን ልዩነት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ስለ አሠራሩ እንናገር፤ አጭር ነው። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የምንተዳደርበት ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያዋቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። የወጣቶቹ ተወካይ በዕለቱ በስብሰባው ላይ ነበረ። ጉዳዩ ግን በአጀንዳው ላይ አልነበረም። «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ከመብራት ቆጣሪና ከጥበቃ ደመወዝ ቀጥሎ ተነሣ፤ ተወካያችን እጁን አውጥቶ ዕድል ሳያገኝ ጸደቀ። መጻሕፍቱን ካጸደቁት አባላት መካከል ያነበባቸው ሰው እንዳለ በኋላ ጠይቀን ነበር። አንድ አባል «ሽፋናቸውን አይቻለሁ» አሉን።

ሽፋናቸውን እኛም አይተነዋል። እሳት አለበት። ውስጡን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንብበነዋል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ ዘመን ፍጻሜ ነው። ስለ ዳግም ምጽአት ማስተማር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሆኑን ማንም ሊነግረን አይገባም፤ በየዕለቱ በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን መነሣትና የሚመጣውን ሕይወት ተስፋ እንደምናደርግ እንመሰክራለን። ይህ መጽሐፍ ግን ተስፋ አያደርግም፤ ያሰላል። ያችን ቀን ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቃት ጌታ በወንጌል የተናገረውን በመግቢያው ጠቅሶ፣ ከሦስት ገጽ በኋላ ዓመት ይቆጥራል። ለነገሩ አገራችን ትንቢት ትወዳለች። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጠው ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ የተነገረለት ንጉሥ እኔ ነኝ ለማለት እንደ ነበረ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲህም ስንት ዓመት «ይህ የመጨረሻው ነው» ተብሎ እንዳለፈ አረጋውያኑን ጠይቁ። አዋቂ ሰምቶ ያልፈዋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ያምናል።

ያመነች አንዲት ልጅ አለችን። መጽሐፉ በታደለ በሁለተኛው ሳምንት እናቷ ወደ እኛ መጡ። ልጅቷ ሌሊት መብራት አብርታ ነው የምትተኛው፤ ያውም ከተኛች። ትምህርት ቤት ለመሄድም «ሁለት ዓመት ለቀረው ዓለም ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። ከእርሷ ሌላ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የፋይዳ መታወቂያ አላወጣም ብሎ ከቤተሰቡ ተጣልቷል። የታክሲ አሽከርካሪ የሆኑት አባቱ መጽሐፉን በጃኬታቸው ኪስ ይዘው መጥተው የታጠፈውን ገጽ ገለጡልን። ልጁ 666ን ከመታወቂያ ቁጥር ጋር የሚያያይዘውን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ «ለአባባ ማሳየት» የሚል ማስታወሻ ጽፏል። አባትየው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን ቤተ ክርስቲያን ናት የሰጠችው?» አሉ። አዎን ከማለት በቀር ምን እንበላቸው? የደብሩ ማኅተም አለበት።

ሁለተኛው መጽሐፍ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ስለዚህም ይብሳል እንላለን፤ ምክንያታችንንም በሰፊው ማስረዳት እንፈልጋለን።

መጽሐፉ በአሥራ ሁለት ምዕራፍ አሥራ ሁለት ወጣቶችን ያቀርባል። አንዱ ይጾማል፣ ፈተና ያልፋል። አንዷ ስእለት ትሳላለች፣ ቪዛ ታገኛለች። የሌላው እናት ከካንሰር ትድናለች። ሁሉም ይጸልያሉ፣ ሁሉም ያገኛሉ። ጸልዮ ያጣ፣ ጾሞ የወደቀ፣ ተስሎ የቀበረ አንድም ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። እግዚአብሔር ጸሎት ይሰማል፤ ይህን ስናስተምር ኖረናል። ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ያነበበ ልጅ የጠየቀውን ሳያገኝ ሲቀር የሚቀሩት ሁለት መልሶች ብቻ ናቸው፦ ወይ እግዚአብሔር የለም፣ ወይ እኔ ረክሻለሁ። ፈተናውን ወድቆ በድጋሚ ሊቀመጥ የሚያጠና አንድ ልጃችን ሁለተኛውን መርጧል። ምሥጢሩን ለመምህሩ ሲያወራ የትኛውን ዓርብ ጾም እንደ ገደፈ፣ የትኛውን ቅዳሴ አቋርጦ እንደ ወጣ እየቆጠረ ነበር። ያ ልጅ በሰፈሩ አውራ ጎዳና ላይ በስልክ መብራት ያጠና ልጅ ነው። በሒሳብ መምህር እጥረት አንድ ሙሉ መንፈቅ ያለ ሒሳብ የተማረ ልጅ ነው። መጽሐፉ ይህን አይጠይቅም፤ የገደፈውን ዓርብ ብቻ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

በዚሁ መጽሐፍ ስድስተኛው ምዕራፍ ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ 19 ቀን ሁላችንም ያከበርነው በዓል ነው፤ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በእቶኑ ፊት ቆመው ለናቡከደነፆር የመለሱትን መልስ ሕፃናቱ እንኳን ያውቁታል። መጽሐፉ ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ቁጥር 17ን በጉልህ ፊደል ጠቅሷል፤ አምላካችን ከእሳቱ ያድነን ዘንድ ይችላል፣ ከእጅህም ያድነናል የሚለውን። ቁጥር 18ን ዘሎታል። በቁጥር 18 ላይ ሦስቱ ወጣቶች ለንጉሡ «እርሱ ባያድነን እንኳን» ለምስልህ አንሰግድም ይሉታል። መጽሐፉ አንድ ቁጥር በመዝለል ሙሉ ታሪኩን ገልብጦታል። ወጣቶቹ ከእሳቱ በፊት የነበራቸው እምነት እሳቱ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ምንም ዋስትና አልጠየቀም። መልአኩ የመጣው ኋላ ነው። ለዛሬ ታዳጊ ስለ እምነት የሚነገረው ትልቁ ነገር ቁጥር 18 ነው፤ ደብሩ በገንዘቡ የገዛው መጽሐፍ ደግሞ ቁጥር 18 የሌለው ነው።

የቅዱሳኑ ታሪክ ይህን ዓይነት ቆረጣ አይወድም። ሐምሌ 19 ቀን ለሕፃኑ ቂርቆስና ለእናቱ ለኢየሉጣ የፈላው ውኃ መቀዝቀዙን እናከብራለን። ጥር 15 ቀን ደግሞ የዚያው ሕፃን ሰማዕትነት ይነበባል። ሁለቱም በአንድ ስንክሳር፣ የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ በሚነበብበት መጽሐፍ፣ ውስጥ ናቸው፤ አባቶቻችን አንዱን አስቀርተው ሌላውን አላነበቡልንም። ዳዊታችንም እንደዚሁ ነው። በዳዊት አቆጣጠር 87ኛው መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሮሮ ነው፤ ሲያልቅም ያለ ምስጋና ያልቃል። ከመዝሙሮቹ በኋላ በሚመጣው ጸሎተ ነቢያት ዕንባቆም በለስ ባታፈራ፣ ወይን ፍሬ ባይሰጥ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉም በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ከተገዙት ሁለት መቶ ቅጂዎች ዋጋ ለታዳጊ ክፍሉ ልጅ ሁሉ ግእዙን ከአማርኛው ጋር የያዘ ዳዊት ይገዛ ነበር።

አሁን ወደ ታሸጉት መጻሕፍት እንምጣ። «ለታዳጊ ከባድ ናቸው» ተብለዋል። ስንክሳር በየዕለቱ በሚነበብበት፣ ስለተሰየፉና ስለተቃጠሉ ቅዱሳን ሕፃናት በእናታቸው ጀርባ ሆነው በሚሰሙበት ቤተ ክርስቲያን ይህ ምክንያት አይገባንም። ከታሸጉት መካከል ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን የተጻፉ ሦስት መጻሕፍት አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ያነበብነው ከእነርሱ አንዱን ነበር። በ1921 ዓ.ም. በግብፅ አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ። ከአራቱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ተገደሉ፤ ሐውልታቸውን ሁሉም ያውቃል። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን ወራሪው ያቀረበላቸውን ሊቀ ጵጵስና ተቀበሉ፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው።

እዚያ ላይ ስንደርስ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ «አብረው ተሹመው እንዴት እንዲህ ተለያዩ?» ብላ ጠየቀች። የቅዳሜው ሰዓት በዚህ ጥያቄ አለቀ። አንዱ ፈርተው ነው አለ። ሌላው አቡነ ጴጥሮስስ አልፈሩም ያለው ማን ነው አለ። አንድ ሁሌም ዝም የሚል ልጅ በትምህርት ቤቱ ትልልቆቹ ተማሪዎች አንድን ልጅ ሲደበድቡ እርሱ ቆሞ እያየ ዝም እንዳለ ተናገረ፤ ማንም አልሳቀበትም። መምህሩ ደግሞ በዚያው ዘመን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ ከደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ቀጥሎ ስለተገደሉት የገዳሙ ወጣት ዲያቆናት አነበበላቸው፤ ዕድሜያቸው ከአንባቢዎቹ ብዙም የራቀ አልነበረም። ልጆቹ በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው መጽሐፉን ለመዋስ ተራ ያዙ። ለክፉ ቀን ማዘጋጀት ስንል የምናስበው ይህን የመሰለ ንባብ ነው። መጽሐፉ አሁን በካርቶን ውስጥ ነው።

ከታሸጉት ሌላው ስለ ደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፣ የተቀበሩበት ቦታም ደርግ እስኪወድቅ ድረስ አልታወቀም። ይህን ታሪክ ልጆቻችን ካላወቁት ማን ሊያውቀው ነው? መጽሐፉ የታሸገበትን ምክንያት ግን በኋላ ሰማን፤ በዚያው በ1971 ዓ.ም. ስለተገደሉት ስለ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ሁለት ገጽ ስላለበት ነው አሉን። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ስላሉ ሰው ማንበብ የልጆቻችንን ኦርቶዶክሳዊነት የሚያናውጥ ከሆነ፣ ችግሩ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከማስተማራችን ነው። በሰፈራቸው፣ በትምህርት ቤታቸው፣ ነገ በሥራ ቦታቸው ከሌላ እምነት ልጆች ጋር ነው የሚኖሩት። በመከራ ጊዜም አብረው ነው የሚሰቃዩት።

ስለ ሊቢያው ሰማዕታትም አንድ ነገር እንበል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ ሲወጣ ከዛሬዎቹ ታዳጊዎች አብዛኞቹ ገና ሕፃናት ነበሩ። ከተገደሉት ሁለቱ ከዚሁ ከተማ ከቂርቆስ ሰፈር አብረው የወጡ ጓደኛሞች መሆናቸውን ያወቁት ከእኛ ነው። ልጆቹ ስለ ሰማዕትነታቸው ከሰሙ በኋላ የጠየቁን ስለ ሰይፉ አልነበረም፤ «ለምን ሄዱ?» ነው ያሉት። ከመካከላቸው ለመሄድ የሚያስቡ አሉና። ስለ ስደት፣ ስለ ድህነት፣ በረሃ ላይ ስለሚሸጥ ሰው የሚናገር፣ ያም ሆኖ እምነትን የማይጥል የታዳጊ መጽሐፍ ፈልገን በአማርኛ እምብዛም አላገኘንም። ይህ የአሳታሚዎችም ዕዳ ነው፤ ሁሉንም በእናንተ ላይ አንጭንም።

በሱቁ መስኮት ላይ ስለተሰቀለው ስለ አጋንንት ፈተና የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ ግን ዝም ማለት አንችልም። በነጻ ባይታደልም ለታዳጊዎች በግማሽ ዋጋ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። መጽሐፉ የሚጥል በሽታን፣ ድባቴን፣ እንቅልፍ ማጣትን በአንድ ምዕራፍ ጠቅልሎ መንፈስ ነው ይላል፤ ክኒን የሚውጥ ሰው እምነቱ እንደ ጎደለ አድርጎ ያቀርባል። ከመዝሙር ክፍሉ አንዲት ልጅ የሚጥል በሽታ አለባት፤ በመድኃኒት ሦስት ዓመት ደህና ሆና ቆይታለች። መጽሐፉን አንብባ ለማንም ሳትናገር መድኃኒቷን አቋረጠች። ደረጃ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሷ ተሰበረ። አሁን ወደ ሕክምናዋ ተመልሳለች፤ ጠበሏንም ትጠመቃለች። ጠበልን የሚነቅፍ ከመካከላችን የለም። ነገር ግን በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ተጽፏል። አቡነ ጳውሎስ በፕትርክናቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ደብሩ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከፓትርያርክ ቃል የሚቃረን ነገር በግማሽ ዋጋ ለልጆች የሚሸጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

የንባብ ክፍላችን መጽሐፍ ሲመርጥ እንዴት እንደሚሠራ ጉባኤው ጠይቆን አያውቅም፤ ስለዚህ እዚህ እንናገር። አንድ መጽሐፍ ከመገዛቱ በፊት ሁለት መምህራን፣ አንድ ሊቅ አባትና ሦስት ታዳጊዎች ሙሉውን ያነቡታል። መምህራኑና አባታችን ትምህርተ ሃይማኖቱን ይመለከታሉ። ልጆቹ አሰልቺ ከሆነ ይነግሩናል፤ ልጆቹ ያልወደዱትን መጽሐፍ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን አንገዛም፤ ተገዝቶ አቧራ ይጠጣልና። ከዚያ በኋላ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉን። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የጸለየውን ያላገኘ ሰው አለ ወይ? ልጁ በእግዚአብሔር ፊት ማማረር፣ ማልቀስ፣ እንደ ኢዮብ መሟገት ተፈቅዶለታል ወይ? ሲከብደው ወደ ሰው፣ ወደ ንስሓ አባቱ፣ ወደ ሐኪም ወይም ወደ መምህሩ እንዲሄድ ይነግረዋል ወይስ ብቻውን እንዲታገል ይተወዋል? ጸሐፊው ማን ነው፣ ከማን ተማረ? ሁለቱን የታደሉ መጻሕፍት በዚህ መስፈርት አይተናቸው አንዳቸውም ከሁለተኛው ጥያቄ አላለፉም።

ስለ ክፍሉ መዘጋት ብዙ አንልም። ቁልፉ በዕቃ ቤቱ ኃላፊ እጅ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ገብተን ያየነው የመጻሕፍት ውሰት መዝገባችንን ለማውጣት ፈልገን ነበር፤ ከተጠቀለለ ምንጣፍ ሥር አገኘነው። መዝገቡ ራሱ ምስክር ነው፦ ከመስከረም ወዲህ በብዛት የተዋሱት መጽሐፈ ጦቢትን ከነትርጓሜው፣ የታሸገውን የአቡነ ጴጥሮስ ታሪክና አንዲት እናት ልጇን ካጣች በኋላ የጻፈችውን ትንሽ መጽሐፍ ነው። የመጨረሻውን የተዋሱት በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው እኛንም አስገርሞናል። ልጆቹ አሁን የሚያነቡትን በቴሌግራም ያገኛሉ። እዚያ የሚዘዋወረው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የጉባኤው አባላት የልጆቻቸውን ስልክ አንድ ቅዳሜ ቢመለከቱ ይበቃል፤ የተገዙት ሁለቱ መጻሕፍትም ዋና ምንጫቸው እዚያ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የተገዙት ሁለት መጻሕፍት እደላ ይቁም፤ ያልታደሉት ቅጂዎች ለአሳታሚው ተመልሰው ገንዘቡ ለንባብ ክፍሉ ይዋል። የወሰዱ ልጆች ወላጆች ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ሰንበት ተጠርተው ከሊቃውንቱ አንዱ በተገኙበት ስለ መጻሕፍቱ ይነገራቸው፤ ልጆቹም ያላቸውን ጥያቄ ይጠይቁ። በሱቁ መስኮት ያለው የአጋንንት መጽሐፍ ለታዳጊዎች መሸጡ ዛሬውኑ ይቁም፤ ይህኛው ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም።

የታዳጊዎች መጻሕፍት ምርጫ ወደ ንባብ ክፍሉ ይመለስ። ጉባኤው ቁጥጥር ማድረግ ከፈለገ በደስታ እንቀበላለን፤ የምንጠይቀው ተቆጣጣሪው መጽሐፉን አንብቦ እንዲመጣ ብቻ ነው። የታሸጉት ካርቶኖች ይከፈቱ። ከመካከላቸው በእርግጥ የማይገባ አለ ከተባለ መጽሐፉ በስሙ፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይነገረን፤ መልሳችንን በጽሑፍ እንሰጣለን።

የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ከዓቢይ ጾም መግቢያ በፊት ይመለስልን። በጾሙ ቅዳሜዎች ከልጆቹ ጋር መጽሐፈ ኢዮብን ልናነብ አቅደናል፤ ዐርባ ሁለቱን ምዕራፎች፣ አንዲት ቁጥር ሳንዘል። ለምንጣፉና ለጧፉ ቦታ ማፈላለግ ካስፈለገ የልማት ክፍሉ ወጣቶች ከሰገነቱ ሥር ያለውን መጋዘን ለማጽዳት ፈቃደኞች መሆናቸውን ነግረውናል። ጃንጥላዎቹን ዛሬም ሊያነሡ ይችላሉ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ በመዝገብ ቤት በኩል እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

የሰንበት ትምህርት ቤቱ የንባብና ቤተ መጻሕፍት ክፍል ኃላፊና የታዳጊዎች መምህር፣
ስለ ክፍሉ መምህራንና አንባቢ ታዳጊዎች

ግልባጭ፦
ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥራ አመራር
ለታዳጊዎች ወላጆች በሙሉ
ለንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ሱቁ